በደረት ላይ ያለው ምልክት፤ የአሜሪካ ኮሌጆች ማልያና የጥራት መለኪያው ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህ ዓመት እትም ስለ ኢንዱስትሪ ውጤቶች ጥራት አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ብረት ወይም ስለ ሲሚንቶ ለመጻፍ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በሻይ ሰዓት የተነሣ ክርክር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድሙ ልጅ ያመጣለትን የስፖርት ማልያ ለብሶ መጥቶ ነበር። አንዱ «ናይኪን የሚያህል የለም» ሲል፣ ሌላው ለአዲዳስ ተከራከረ፤ ሦስተኛውም አንደር አርመር ከሁለቱ እንደሚበልጥ አስረዳ። በመጨረሻም የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ምሩቅ በመሆኔ ጉዳዩ ለፍርድ ወደ እኔ ተመራ። መልሱ በኪሴ ያለ መስሏቸው ነበር፤ በኪሴ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስመረምር የተረዳሁት፣ ጥያቄው መልስ ያጣው በጨርቁ ምክንያት ሳይሆን፣ «ጥራት» የሚለው ቃል በመቶ ኀምሳ ዓመት ውስጥ ትርጉሙን ደጋግሞ በመለወጡ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ «እግር ኳስ» የምለው እኛ የምናውቀውን ጨዋታ እንዳልሆነ ለአንባቢ አስቀድሜ ላስታውቅ። አሜሪካውያን ፉትቦል የሚሉት፣ ኳሱ በሁለት ጫፉ የሾለ፣ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወር፣ ተጫዋቾቹም ገላ ለገላ የሚላተሙበት ጨዋታ ነው። የተወለደው በዩኒቨርሲቲዎች ሲሆን፣ እስከ ዛሬም የዩኒቨርሲቲዎቹ ግጥሚያ ብዙ አሥር ሺሕ ሕዝብ በየስታዲየሙ ይሰበስባል። ለእኛ ሙያ የሚጠቅመው ማልያው የሚቀበለው ሥቃይ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ይጎተታል፣ ከሣርና ከጠንካራ መከላከያ ጋር ይፋተጋል፣ በላብና በጭቃ ይርሳል፤ ማታውኑ ታጥቦ ለሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋጃል። አንድ ጨርቅ በላቦራቶሪ የሚደርስበት ፈተና ሁሉ እዚያ በሜዳ ላይ ይደርስበታል ለማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የኮሌጆች ግጥሚያ የተደረገው ኖቬምበር 6 ቀን 1869 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒው ብረንስዊክ ከተማ፣ በራትገርስና በፕሪንስተን መካከል ነው። በየወገኑ 25 ተጫዋቾች ተሰልፈው ራትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። ዩኒፎርም የሚባል ነገር አልነበረም። ተጫዋቾቹ ኮትና ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ፤ ከራትገርስ ልጆች አንዳንዶቹ ግን ቀይ ሻሽ በራሳቸው ላይ ጠመጠሙ። እንግዲህ የልብሱ የመጀመሪያ ሥራ ወዳጅን ከባላጋራ መለየት ነበር። ይህን ሥራ ኋላ ላይ እንዴት እንደዘነጋው ወደ ታች እናያለን።

በ1870ዎቹ መጨረሻ የፕሪንስተን ተጫዋቾች ከገላ ጋር የተጣበቀ የሸራ ጃኬት መልበስ ጀመሩ። ሸራው ሻካራና የሚሞቅ ቢሆንም፣ ባላጋራ በእጁ ጨብጦ ሊይዘው አይችልም ነበር። ቀጥሎም በጥጥ የተሞላ ሱሪና የቆዳ መከላከያ መጣ። ይህ ሁሉ ግን ሰውነትን አላዳነም። በ1905 ዓ.ም. ብቻ ቢያንስ 18 ወጣቶች በጨዋታው ሞቱ፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ተጠሪዎች ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው እስከ መነጋገር ደረሱ። በዚሁ ሳቢያ በ1906 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበር ነው በ1910 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ ዛሬ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚባለው፤ ከዚህ በኋላ የማልያን ነገር የሚወስነው የእርሱ ደንብ ነው።

ከዚያ ዘመን አንድ ታሪክ ሳላነሣ ማለፍ አልሻም። ኦክቶበር 31 ቀን 1903 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች የሚማሩበት የካርላይል ትምህርት ቤት ከሃርቫርድ ጋር ተጋጠመ። የካርላይል አሠልጣኝ ግሌን ዋርነር ከግጥሚያው በፊት በማልያ ወገብ ላይ ላስቲክ አሰፉ። ጨዋታው ከዕረፍት በኋላ ሲጀመር የካርላይል ልጆች ኳሱን ተቀብለው ተሰበሰቡ፤ በግርግሩ መካከልም ኳሱ ቻርልስ ዲሎን በተባለው ተጫዋች ጀርባ፣ ከማልያው ሥር ተሸጎጠ። ላስቲኩ ኳሱን ከመውደቅ ጠበቀው። የሃርቫርድ ተጫዋቾች ኳሱን ሲፈልጉ ዲሎን ሁለት እጁን ባዶ አድርጎ ሜዳውን በሙሉ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ። ሃርቫርድ በመጨረሻ 12 ለ 11 ቢያሸንፍም፣ የልብስ ስፌት በጨዋታ ውጤት ላይ እጁን ያስገባበት ቀን ያ ነው። እንደ መሐንዲስ ሳየው በታሪኩ የሚያስደንቀኝ ቀላልነቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰባቸው ማልያዎች ተሠርተዋል፤ ያን ላስቲክ ያህል ለባለቤታቸው በግልጽ የጠቀሙ ብዙ አይመስሉኝም።

ሸራው ከቀረ በኋላ የመጣው የሱፍ ሹራብ ነው። ሱፍ ይሞቃል፣ ይበላል፣ ዝናብ ሲመታውም ክብደቱ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ነው የፋብሪካ ስም መሰማት የጀመረው። በአላባማ ግዛት፣ በአሌክሳንደር ሲቲ፣ ቤንጃሚን ራስል በ1902 ዓ.ም. ያቋቋመው ፋብሪካ የውስጥ ልብስ ይሠራ ነበር። እንደሚተረከው በ1920ዎቹ ለአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሚጫወተው ልጁ የሱፉ ማልያ እንደሚያሳክከው ለአባቱ ነገረው፤ አባቱም ከጥጥ የተሠራ፣ አንገተ ክብና ሰፋ ያለ የልምምድ ሹራብ አሠራለት። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚለበሰው የጥጥ ሹራብ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። በሮቸስተር ከተማ በ1919 ዓ.ም. የተቋቋመውና ኋላ ቻምፒዮን የተባለው ኩባንያ ደግሞ ሌላ ችግር ያዘ። ሹራብ ጨርቅ ሲታጠብ ይበልጥ የሚያጥረው በቁመቱ ነው። ቻምፒዮን በ1930ዎቹ ጨርቁን አግድም አዙሮ መቁረጥ ጀመረ፤ በዚህም ማጠሩ ከቁመት ወደ ስፋት ተዛወረ፤ በጎንና በጎኑም የሚለጠጥ ጨርቅ ጨመረበት። ማሽንም ሆነ አዲስ ክር ሳይገዛ፣ መቁረጫውን በማዞር ብቻ! ለተማሪዎች የማስተምር ቢሆን ኖሮ በዚህ ምሳሌ እጀምር ነበር። በዚያ ዘመን ራስልን ከቻምፒዮን ማወዳደር ይቻል ነበር፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚመዘኑት ስንት እጥበት ቻለ፣ ምን ያህል አጠረ በሚል አንድ ሚዛን ነበርና።

ይህን ሚዛን የገለበጠው ናይለን ነው። ጥጡ መጀመሪያ በናይለን ተደባለቀ፣ ኋላም በ1960ዎቹ ወንፊት የመሰለው የናይለን ማልያ መጣ። ቀለለ፣ አየር አሳለፈ፣ ውሃ አልያዘም። ሆኖም እጅግ ጠንካራ በመሆኑ አዲስ ጣጣ አስከተለ፤ ተከላካዩ ማልያውን አንድ ጊዜ ከጨበጠ ሯጩ አመለጠ ማለት ዘበት ሆነ። ስለዚህ በ1970ዎቹ ኳስ ይዘው ለሚሮጡ ተጫዋቾች ሆን ተብሎ በቀላሉ የሚቀደድ ማልያ ይዘጋጅላቸው ጀመር። ባላጋራው ሲይዘው ጨርቁ በእጁ ይቀራል፤ ሯጩ ይሄዳል፤ ከሜዳ ዳር ሌላ ማልያ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በአንድ ግጥሚያ ብዙ ማልያ ይቀያየር ነበር። ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ይህ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ አስቡት። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ እንዳይቀደድ የደከመ ሰው፣ በትክክለኛው ኃይል የሚቀደድ ጨርቅ እንዲሠራ ሲታዘዝ! ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ይህን ማልያ በ1982 ዓ.ም. ከለከለው፤ የጥራት ትርጉምም እንደገና ወደ አለመቀደድ ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ የሠሪው ስም ከአንገት በስተ ኋላ ባለች ትንሽ ጨርቅ ላይ ይጻፍ ነበር። ወደ ደረት የወጣው ቴሌቪዥን ከተስፋፋ በኋላ ነው። ናይኪ በ1964 ዓ.ም. በሌላ ስም የተቋቋመው በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ በቢል ባወርማንና በተማሪያቸው በፊል ናይት ሲሆን፣ ኩባንያው ለዚያ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቅርበት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ጃንዩወሪ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ኦሪገን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ 38 ለ 6 ከተሸነፈ በኋላ ናይት ለቡድኑ ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቁ። በ1999 ዓ.ም. አዲስ ምልክትና አዲስ ዩኒፎርም መጣ፤ ከዚያም ቀለሙ፣ የራስ ቁሩ፣ ሱሪው በየሳምንቱ የሚቀያየርበት ዘመን ሆነ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች በነበረው በኬቨን ፕላንክ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው አንደር አርመርም በበኩሉ በ2011 ዓ.ም. የሜሪላንድን ቡድን የግዛቲቱን ሰንደቅ ዓላማ ቁራጭ በቁራጭ ያለበሰ ዩኒፎርም አሰልፎ አገር አስገረመ። በዚያው ዓመት በጃንዩወሪ ለብሔራዊ ዋንጫ ኦሪገን ናይኪን፣ ኦበርን ደግሞ አንደር አርመርን ለብሰው ተገናኙ። ኦሪገኖች በሚያበራ ቢጫ ካልሲና ጫማ ሜዳውን አደመቁት፤ 22 ለ 19 ያሸነፈው ግን ኦበርን ነበር።

የመልክ ውድድሩ እየጦዘ ሲሄድ የተጎዳው ቁጥሩ ነው። በማልያ ፊትና ጀርባ ቁጥር እንዲኖር ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ በደንብ ተወስኖ ሳለ፣ በጥቁር ማልያ ላይ ጥቁር ግራጫ ቁጥር፣ በነጭ ላይ ብርማ ቁጥር መታየት ጀመረ። ዳኛው፣ የሬዲዮ ዘጋቢው፣ ከላይኛው ወንበር የተቀመጠው አባት ልጁን መለየት አልቻሉም። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ቁጥሩ ራሱ፣ በዙሪያው ያለው መስመር ሳይቆጠር፣ ከማልያው ቀለም በግልጽ የሚለይ እንዲሆን ተደነገገ። የራትገርስ ልጆች በአንድ ሻሽ የፈጸሙትን ሥራ እነዚያ ኩባንያዎች በደንብ ተገደው ነው የፈጸሙት።

ቁጥሩን ካነሣሁ አይቀር፣ በእኔ አስተያየት የሠሪዎች ልዩነት በዓይን የሚታየው በጨርቁ ሳይሆን ቁጥሩ በተሠራበት ዘዴ ነው። ቁጥሩ ከሌላ ጨርቅ ተቆርጦ ከተሰፋ ብዙ እጥበት ይችላል፤ ነገር ግን ደረቱን ያደርቃል፣ ክብደት ይጨምራል፣ አየር ይዘጋል፤ በሚለጠጠው ማልያና በማይለጠጠው ቁጥር ድንበር ላይም ስፌቱ ይጨነቃል። ቀለሙ በላዩ ከታተመ ይቀላል፤ ጨርቁ በተለጠጠ ቁጥር ግን ሕትመቱ መሰንጠቅ ይጀምራል። ሦስተኛው ዘዴ ማቅለሚያውን በሙቀት ወደ ፖሊስተሩ ውስጥ ማስረግ ነው፤ ይህ አንዳች ክብደት አይጨምርም፣ አይሰነጠቅምም፤ ይሁንና የሚሠራው በፖሊስተርና በነጣ ጨርቅ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱ ዘዴ ከሌላው «ይሻላል» ከማለት በፊት ማልያው ስንት ጊዜ ሊታጠብ እንደታሰበ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው የገንዘብ ታሪክ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከናይኪ ጋር ለ15 ዓመት 252 ሚሊዮን ዶላር ግምት ያለው ውል ተዋዋለ። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አዲዳስን ትቶ ከአንደር አርመር ጋር ለ15 ዓመት በ280 ሚሊዮን ዶላር ውል ገባ። በ2020 ዓ.ም. አንደር አርመር ውሉን አፈረሰ፤ ዩኒቨርሲቲው ከሰሰ፤ ኩባንያውም ወደ 67.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። በአንድ ትውልድ ተማሪ ዕድሜ ውስጥ አንድ ቡድን ሦስት ምልክት ለበሰ ማለት ነው። የትኛውም ለውጥ የመጣው ማልያ በመቀደዱ አልነበረም። ማልያውን የሚለብሰው ወጣትም በምርጫው ቃል አልነበረውም፤ እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ በስሙና በመልኩ ገንዘብ ማግኘት እንኳ ተከልክሎ ነበር።

ማልያውን የምትሰፋው ሴትም እንዲሁ። በ2009 ዓ.ም. ራስል በሆንዱራስ፣ በቾሎማ፣ ሠራተኞቹ ማኅበር ያቋቋሙበትን ፋብሪካ ዘጋ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ፤ ወደ መቶ የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎችም ለኩባንያው ስማቸውንና ምልክታቸውን የመጠቀም ፈቃድ ነሡት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ራስል አዲስ ፋብሪካ ከፍቶ 1,200 ሠራተኞችን መልሶ ለመቅጠር ተስማማ። ባውቅ ባውቅ፣ በልብስ ኢንዱስትሪ ታሪክ የገዢ ተቃውሞ የተዘጋ ፋብሪካ ሥራ ያስመለሰበት ሁኔታ ብዙ አይደለም። በእኛም አገር በየኢንዱስትሪ ፓርኩ ለውጭ አገር ምልክቶች ልብስ የሚሰፉ ብዙ ሺሕ ወጣቶች ስላሉ፣ ነገሩ ለማኅበራችን አባላት ሩቅ አይመስለኝም። ራስል ራሱ በ2017 ዓ.ም. ከቡድን ዩኒፎርም ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ።

አሁን ወደ ሻይ ሰዓቱ ክርክር ልመለስ። በባልደረባችን ማልያ ላይ ያለው ምልክትና ተጫዋቹ በሜዳ በሚለብሰው ላይ ያለው ምልክት አንድ ነው፤ ልብሶቹ ግን አንድ አይደሉም። ለሕዝብ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ፣ ቀለል ባለ ፖሊስተር የተሠራና ቁጥሩ የታተመ ነው። ለሜዳ የሚሠራው ከትከሻ መከላከያው ጋር ተጣብቆ እንዲቀመጥ የተቆረጠ፣ የሚለጠጥ ክር የተቀላቀለበት፣ ስፌቱም የተደጋገመ ነው። እሱም ቢሆን ከፋብሪካ እንደወጣ አይለበስም። የቡድኑ የትጥቅ ኃላፊ ያጠብበዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ባላጋራ እንዳይጨብጠውም ማልያውን ከመከላከያው ጋር በሁለት ፊት በሚለጠፍ ፕላስተር ያጣብቀዋል። በእኔ እምነት ስለ ሦስቱ ኩባንያዎች እውነተኛውን ፍርድ ሊሰጥ የሚችለው ይህ ሰው ነው፤ የተቀደደውን የሚጠግነው፣ የደበዘዘውን የሚያየው እርሱ ነውና። የሦስቱም ዋነኛ ጭረት ፖሊስተር ነው። ጨርቃቸውን በላቦራቶሪ በብረት ኳስ ገፍቶ እስኪፈነዳ ድረስ መለካት፣ ስፌቱን መጎተት፣ ቀለሙ በላብ መልቀቅ አለመልቀቁን ማየት ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ለዚያ ዓመት፣ ለዚያ ሞዴል ብቻ የሚሠራ ይሆናል።

የቀረኝ አንድ ነገር ላብ ነው፤ ከሁሉ የከበደውም እሱ ነው። ፕላንክ አንደር አርመርን ያቋቋመው በልምምድ ጊዜ ከመከላከያው ሥር የሚለብሰው የጥጥ ካናቴራ በላብ እየራሰ ስላስቸገረው ነበር። ሐሳቡ ከሳይንስ የራቀ አይደለም። በመደበኛ የአየር ሁኔታ ሱፍ ከክብደቱ 16 በመቶ ገደማ፣ ጥጥ 7 እስከ 8 በመቶ፣ ናይለን ወደ 4 በመቶ እርጥበት ሲይዝ፣ ፖሊስተር የሚይዘው 0.4 በመቶ ብቻ ነው። ፖሊስተር ላቡን ውስጡ አያስገባም፤ በጭረቶቹ መካከል ባሉት ጥቃቅን ቦዮች ስቦ ወደ ውጭኛው ገጽ ያወጣዋል። አንድ ግራም ላብ ሲተን ወደ 2,400 ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ግን መትነን አለበት። ይህ ተጫዋች ደግሞ ራሱ በቁር፣ ትከሻውና ደረቱ በፕላስቲክ፣ ጭኑ በስፖንጅ ተሸፍኗል። ላቡ ከካናቴራው ወጥቶ የሚያገኘው አየር ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። የጨርቁ ወንፊትነትም የሚጠቅመው ከሥሩ ባዶ ገላ ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ይህን ከማንም ኩባንያ ማስታወቂያ ይልቅ በትክክል የተረዳው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ደንብ ይመስለኛል። የወቅቱ ልምምድ በነሐሴ ሙቀት ሲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የራስ ቁር ብቻ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ቁርና የትከሻ መከላከያ፣ ሙሉው ትጥቅ ግን ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ እንዲለበስ አዘዘ። ልብሱን እንደ ጌጥ ሳይሆን ሰውነት ቀስ በቀስ ሊለምደው እንደሚገባ የሙቀት ሸክም ቆጠረው።

ሜይ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ፕላንክ በተጫወተበት፣ ሁሉም ቡድኖቹ የአንደር አርመርን ልብስ በሚለብሱበት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ የ19 ዓመት ተጫዋች በሩጫ ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ወደቀ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም አረፈ። ዩኒቨርሲቲው ያስደረገው ምርመራ ስለ ጨርቅ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ያገኘው፣ ሕመሙ በጊዜ እንዳልታወቀና ልጁ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ እንዳልተነከረ ነው።